የአዮዲን ሙከራና የቀለሙ ትርጉም፤ በአንድ የተለመደ የሳይንስ ትምህርት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ከሚሠሩት ሙከራዎች መካከል እንደ አዮዲን ሙከራ ወጪው አነስተኛ፣ ውጤቱም ለዓይን ግልጽ የሆነ ብዙ አይገኝም። አንድ ቁራጭ ድንች፣ ጥቂት ጠብታ አዮዲንና አንድ ነጭ ሳህን ከተገኙ ትምህርቱን መስጠት ይቻላል። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት፣ ብዙ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው በሚማሩበት ሁኔታ እንኳ የሚሠራ በመሆኑ፣ በየመማሪያ መጽሐፉና በየመምህሩ መምሪያ ውስጥ ቦታውን ሳይለቅ ኖሯል። ብዙ ተማሪዎች በትምህርት ዘመናቸው በዓይናቸው የሚያዩት የመጀመሪያው ኬሚካዊ ሙከራም ይኸው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይሁን እንጂ የአንድ ሙከራ ቀላልነት ያለ ምርመራ እንዲታለፍ ምክንያት ሊሆን አይገባም። እንዲያውም የመጀመሪያ እንደመሆኑ መጠን፣ ተማሪው «ሙከራ ማለት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በአእምሮው የሚይዘውን መልስ የሚወስነው ይህ ትምህርት ነው። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙከራው በተለምዶ የሚቀርብበትን መንገድ መመርመር፣ በውስጡ ያሉትን ጉድለቶች ማሳየትና የተሻለ አቀራረብ ማመልከት ነው። ሒሱ ያነጣጠረው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ በኖረው ልማድ ላይ እንጂ በአንድ በተለየ መጽሐፍ ወይም በአንድ ደራሲ ላይ አይደለም።

1. የተለመደው አቀራረብ

የተለመደው አቀራረብ ባጭሩ ሲገለጽ አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ መምህሩ ካርቦሃይድሬት ኃይል ሰጭ ምግብ መሆኑን ያስረዳል። ቀጥሎም አዮዲን ካርቦሃይድሬትን ለመለየት እንደሚያገለግልና ቀለሙ ወደ ጥቁር ሰማያዊ እንደሚለወጥ ይናገራል። በሦስተኛ ደረጃ በድንች ወይም በዳቦ ላይ አዮዲን ይንጠባጠባል፤ ቀለሙም እንደተባለው ይለወጣል። በመጨረሻም ተማሪዎች «ምግቡ ካርቦሃይድሬት አለው» ብለው በደብተራቸው ይጽፋሉ።

አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ውጤቱ ከሙከራው ቀድሞ ተነግሯል። የሚፈተሸው ምግብም አስቀድሞ የታወቀና ፈጽሞ የማያሳፍር ነው። ስለዚህ ተማሪው የሚያደርገው ነገር መመርመር ሳይሆን መምህሩ የተናገረውን ማጽደቅ ይሆናል። ከዚህም በላይ በሁለተኛው ደረጃ ላይ የተነገረው ዐረፍተ ነገር በራሱ ትክክል አይደለም። አዮዲን ስታርችን ለይቶ ያሳያል እንጂ ካርቦሃይድሬትን በጠቅላላው አያሳይም። የስሕተቱን መጠን ለመረዳት ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ መመልከት ያስፈልጋል።

2. ቀለሙ ከየት ይመጣል?

አዮዲን በ1811 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በባርናር ኩርቷ ተገኘ። ኩርቷ የባሩድ ግብዓት ለማዘጋጀት ከባሕር ሣር አመድ ጋር ሲሠራ፣ ሰልፈሪክ አሲድ በተጨመረበት ጊዜ ሐምራዊ ተን ሲወጣ ተመለከተ። የንጥረ ነገሩም ስም ከዚሁ ቀለም፣ ማለትም ሐምራዊ ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1814 እ.ኤ.አ.፣ ኮለንና ጎልቲዬ ደ ክሎብሪ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አዮዲን ከስታርች ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ቀለም እንደሚሰጥ ገለጹ። ዛሬ በየክፍሉ የሚደገመው ሙከራ እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ነው።

አዮዲን በንጹሕ ውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ብቻ ይሟሟል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 0.3 ግራም ገደማ ነው። ፖታሲየም አዮዳይድ ሲጨመርበት ግን ሦስት የአዮዲን አቶሞች አንድ ላይ የተያያዙበት፣ ቢጫ ወይም ቡናማ መልክ ያለውና በቀላሉ የሚሟሟ አዮን ይፈጠራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ሉጎል በ1829 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ፈሳሽ ይኸው ነው።

ስታርች ራሱ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው አማይሎስ ሲሆን በአብዛኞቹ ተክሎች ስታርች ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል፤ የግሉኮስ ሞለኪውሎች ቅርንጫፍ ሳያበዙ በረጅም ሰንሰለት የተያያዙበት ነው። ሁለተኛው አማይሎፔክቲን ሲሆን ቀሪውን ከ70 እስከ 80 በመቶ ይይዛል፤ ሰንሰለቱም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። የአማይሎስ ሰንሰለት እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ይጠቀለላል፤ በእያንዳንዱ ዙር ስድስት የግሉኮስ ክፍሎች ይገኛሉ። አዮዲኑ በዚህ ጥቅልል ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ ገብቶ በመስመር ሲደረደር ብርሃንን የሚውጥበት ሁኔታ ይለወጥና ጥልቅ ሰማያዊው ቀለም ይታያል።

የጥቅልሉ ሐሳብ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀርቦ በ1940ዎቹ በኤክስሬይ ጥናት ተደግፏል። በጥቅልሉ ውስጥ ያለው አዮዲን በምን ዓይነት ሁኔታ እንደተያያዘ ግን ከዚያም በኋላ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሌላ ውሁድ ጋር በተሠራ ክሪስታል ውስጥ እጅግ ረጅም የአዮዲን ሰንሰለት መኖሩን በማሳየት ለስታርቹም ተመሳሳይ ትርጓሜ ድጋፍ ሰጥቷል። በአምስተኛ ክፍል በአንድ መስመር የሚዘጋው ጉዳይ ሊቃውንቱን ለሁለት ምዕተ ዓመት አነጋግሯል ማለት ነው።

ከዚህ ማብራሪያ አንድ ዋና ነጥብ ይገኛል። ቀለሙን የሚፈጥረው የሰንሰለቱ ርዝመትና ቅርጽ ነው። ረጅሙ አማይሎስ ሰማያዊ ይሰጣል። ቅርንጫፋማው አማይሎፔክቲን ጥቅልሎቹ አጫጭር በመሆናቸው ለብቻው ሲፈተሽ ወደ ቀይ ያደላ ሐምራዊ ይሰጣል። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ግላይኮጅን ደግሞ ቅርንጫፎቹ ከዚያም ያጠሩ ስለሆኑ ቀይ ቡናማ መልክ ያሳያል። ከ12 ገደማ ያነሱ የግሉኮስ ክፍሎች ብቻ ያሉት ሰንሰለት ግን ከአዮዲን ጋር ቀለም አይሰጥም፤ የሚታየው የአዮዲኑ የራሱ ቢጫ ቡናማ መልክ ነው።

3. ስታርችና ካርቦሃይድሬት አንድ አይደሉም

ከላይ የተነገረው ሁሉ ሲጤን፣ «አዮዲን ካርቦሃይድሬትን ይለያል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስት ግልጽ ይሆናል። ስኳር ካርቦሃይድሬት ነው፤ አዮዲን ግን አይለውጠውም። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከሚባሉ ስኳሮች የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይ የሚንጠባጠበው አዮዲን ግን ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። በወተት ውስጥ ያለው ላክቶስም እንዲሁ ነው። ጥጥ ንጹሕ ሊባል የሚችል ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስም እንደ ስታርች ከግሉኮስ ሰንሰለት የተሠራ ካርቦሃይድሬት ነው። ነገር ግን ግሉኮሶቹ የሚያያዙበት አኳኋን ስለሚለይ ሰንሰለቱ አይጠቀለልም፤ በመሆኑም በአዮዲን ብቻ ሰማያዊ አይሆንም። ላምና በሬ ጉልበት የሚያገኙበት ጭድ በአብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው።

አንድ ተማሪ የተማረውን በቅን ልቡና ቢሠራበት ምን ይከተላል? ድንች፣ እንጀራ፣ ቡላ፣ ማር፣ ስኳርና እንቁላል ተሰጥቶት በአዮዲን ፈትሽ ቢባል፣ ሦስቱ ጥቁር ሰማያዊ ይሆኑለታል፤ ሦስቱ ግን አይለወጡም። በመጽሐፉ ቃል መሠረት ማርና ስኳር ከእንቁላል ጋር ተደምረው ካርቦሃይድሬት የሌላቸው ምግቦች ሊሆኑ ነው። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ግን ያው መጽሐፍ ማርንና ስኳርን ከኃይል ሰጭ ምግቦች ተራ ይመድባቸዋል። ተማሪው እንግዲህ ዓይኑ ያየውንና መጽሐፉ የሚለውን ማስታረቅ አይችልም። ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል፤ ፈተና የሚወጣው ከመጽሐፉ ነውና የሚተወው ዓይኑን ነው።

«ትምህርቱ ለሕፃናት ስለሆነ ማቅለል ያስፈልጋል» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። መከራከሪያው በመሠረቱ ተገቢ ነው። የአማይሎስን ጥቅልል ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ማስተማር አያስፈልግም። ነገር ግን ማቅለልና ማሳሳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «አዮዲን ስታርችን ይለያል፤ ስታርች ከካርቦሃይድሬት ዓይነቶች አንዱ ነው» የሚለው አነጋገር ከተለመደው በምንም አይከብድም። በአንድ ቃል ለውጥ ትክክል ሊሆን የሚችል ነገር ተሳስቶ እንዲቀር የሚያደርግ የማስተማር ዘዴ ምክንያት የለም።

4. «አልተለወጠም» የሚለው ውጤት

በተለመደው አቀራረብ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ጉድለት የቀለም አለመለወጥ እንደ ውጤት አለመቆጠሩ ነው። ቀለሙ ካልተለወጠ ወይ ምግቡ «የለውም» ተብሎ ይታለፋል፤ ወይም ሙከራው ተበላሽቷል ይባላል። በእውነቱ ግን ቀለሙ ሳይለወጥ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ራሳቸውን የቻሉ ትምህርቶች ናቸው።

ሀ) ሙቀት። ስታርች ያለበት ሾርባ ገና ሲፈላ አዮዲን ቢጨመርበት ሰማያዊው ቀለም አይታይም ወይም እጅግ ይደበዝዛል። ሲቀዘቅዝ ይመጣል፤ እንደገና ቢሞቅ ይጠፋል። ምክንያቱ ሙቀቱ አዮዲኑን ከጥቅልሉ ውስጥ ስለሚያስወጣው ነው። ትኩስ ቅንጬ ወይም ገንፎ ይዞ የመጣ ተማሪ «ስታርች የለውም» ብሎ ቢጽፍ የተሳሳተው የሙከራው ሁኔታ አስቀድሞ ስላልተነገረው ነው።

ለ) ቪታሚን ሲ። በሎሚና በብርቱካን ጭማቂ ውስጥ የሚገኘው ይህ ቪታሚን አዮዲኑን ወደ አዮዳይድ ይለውጠዋል፤ አዮዳይድ ደግሞ ከስታርች ጋር ቀለም የለውም። ስታርች ባለበት ውሃ ላይ አስቀድሞ የሎሚ ጭማቂ ቢጨመር የመጀመሪያዎቹ የአዮዲን ጠብታዎች ቀለማቸው ይጠፋል። ብዙ ጠብታ ከተጨመረ በኋላ ግን ሰማያዊው ብቅ ይላል። በዚህ ዘዴ የቪታሚኑን መጠን እንኳ ማነጻጸር ይቻላል።

ሐ) የተክሉ ዓይነት። ቅጠል በብርሃን አማካይነት ምግብ እንደሚሠራ ለማስረዳት፣ ቅጠሉን በውሃ ቀቅሎ፣ አረንጓዴ ቀለሙን በአልኮል አውጥቶ፣ ከዚያ በአዮዲን መፈተሽ የተለመደ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ዩሊዩስ ዛክስ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ብርሃን ባገኘ ቅጠል ውስጥ ስታርች እንደሚገኝ በአዮዲን ካሳየ ወዲህ ሙከራው በትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል። ነገር ግን የሽንኩርት ቅጠል የሠራውን ምግብ በስታርች መልክ አያከማችም፤ በስኳርና ከስኳር በተሠሩ ሌሎች ውሁዶች መልክ ይይዘዋል። ስለዚህ በጓሮ ያገኘውን የሽንኩርት ቅጠል የፈተሸ ተማሪ ሰማያዊ ቀለም አያይም። ከዚህ ተነሥቶ ሽንኩርት ብርሃን አስተጻምሮ አያደርግም ቢል ድምዳሜው ሐሰት ይሆናል፤ ያየው ነገር ግን እውነት ነው።

መ) አሳሳች አዎንታ። በተቃራኒው ቀለሙ የሚለወጥበት፣ ነገር ግን ምክንያቱ ሌላ የሆነበት አጋጣሚ አለ። ብዙ ወረቀት ሲሠራ ስታርች ስለሚጨመርበት በአዮዲን ይጠቁራል። ምግቡን በወረቀት ላይ አስቀምጦ የሚፈትሽ ክፍል የወረቀቱን ስታርች የምግቡ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ዳቦ በተቆረጠበት ቢላዋ ሥጋ ቢቆረጥም እንዲሁ ነው። በቀይ ጤፍ እንጀራ ላይ ደግሞ የእንጀራው የራሱ ጠቆር ያለ መልክ የቀለሙን ለውጥ ስለሚሸፍን፣ እንጀራውን በውሃ በጥብጦና አቅጥኖ መፈተሽ ይሻላል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የቀለም መለወጥም ሆነ አለመለወጥ ማስረጃ እንጂ ብያኔ አይደለም። ማስረጃ ደግሞ የተገኘበት ሁኔታ ካልተመረመረ ወደ ድምዳሜ አያደርስም።

5. የተማሪው ዓይንና የመጽሐፉ ቃል

እስካሁን የተነገሩት ጉድለቶች የይዘት ጉድለቶች ናቸው። ከእነርሱ የሚከብደው ግን በተማሪው ጠባይ ላይ የሚያሳድሩት ተፅዕኖ ነው። በብዙ ክፍል ውስጥ ተማሪው በደብተሩ የሚጽፈው «ጥቁር ሰማያዊ» የሚለውን ሐረግ ነው። በሳህኑ ላይ ያለው ግን ሐምራዊ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ አዮዲኑ ቀጥኖ ከሆነ ደብዛዛ ሰማያዊ፣ ወፍሮ ከሆነ ደግሞ ሁሉን ነገር ያጠቆረ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ያየውን «ወይን ጠጅ» ብሎ የጻፈ ተማሪ በቀይ ብዕር ይታረማል። ሳያይ ከጓደኛው ገልብጦ «ጥቁር ሰማያዊ» ያለው ግን ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይንስ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች ዋነኛው፣ ወጣቱ በሰማው ብቻ ሳይወሰን መርምሮ እንዲቀበል ማስቻል ነው። እውነተኛ ምልከታ የሚቀጣበትና ቅጅ የሚሸለምበት ሙከራ ግን ይህን ዓላማ ያፈርሳል። እንዲህ ያለው ሙከራ ከቃል ጥናት የባሰ ጉዳት አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቃል ጥናት ተማሪውን «አስታውስ» ይለዋል፤ እንዲህ ያለው ሙከራ ግን «ያላየኸውን አየሁ በል» ብሎ ያለማምደዋል።

መምህሩንም ብቻውን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። መምህሩ በማሰልጠኛ ተቋም በነበረበት ጊዜ ሙከራውን የተማረው በዚሁ መልክ ነው። የመምህሩ መምሪያም ከሚጠበቀው መልስ በቀር ሌላ ነገር አይሰጠውም። ያልተጠበቀ ቀለም በክፍል ውስጥ ሲታይ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ክብሩን ለመጠበቅ ተማሪውን ማረም ይቀለዋል። ስለዚህ የችግሩ ምንጭ ከመጽሐፉ አዘገጃጀትና ከመምህራን ሥልጠና ላይ ነው።

6. የተሻለ አቀራረብ

ከሒስ በኋላ አማራጭ ማቅረብ ተገቢ ስለሆነ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊሠራባቸው የሚችሉ ጥቂት ነጥቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

በመጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ። ተማሪዎች ከቤታቸው የሚያመጡአቸውን ስምንት ወይም ዐሥር ነገሮች ከመፈተሻቸው በፊት የትኛው እንደሚለወጥና የትኛው እንደማይለወጥ መላ ምታቸውን ይጻፉ። ከእነዚህ መካከል ማር፣ ስኳር፣ ጥጥና ጨው የግድ ይኑሩ። አንድ ጠብታ አዮዲን በንጹሕ ውሃ ላይ ተደርጎ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። በደብተራቸውም ያዩት ቀለምና የደረሱበት ድምዳሜ በተለያዩ ዐምዶች ይጻፉ። የቀለሙ ስም በራሳቸው ቋንቋና አነጋገር ይሁን። ከፋርማሲ የሚገኘው አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ በውሃ ሊቀጥን ይገባል። የተፈተሸው ምግብ ፈጽሞ እንደማይበላ፣ ቅጠል በሚፈተሽበት ጊዜም አልኮል በእሳት ላይ በቀጥታ እንደማይጣድና በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ብቻ እንደሚሞቅ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በሁለተኛ ደረጃ ቀለሙ የሚለወጥበትን ሂደት የሚያሳይ ሙከራ ይጨመር። ለዚህ በአገራችን ከብቅል የተሻለ ነገር አይገኝም። ፈረንሳውያኑ ፓየንና ፐርሶ በ1833 እ.ኤ.አ. ከብቅል ውስጥ ስታርችን የሚሰብር ንጥረ ነገር አውጥተው አሳይተዋል፤ ይህም የኤንዛይም ጥናት መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ግን የብቅልን ሥራ በልምድ ከዚያ እጅግ ቀድመው ያውቁ ነበር። ሙከራውም እንዲህ ነው። ጥቂት ቡላ ወይም ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይቀቀልና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። የተፈጨ ብቅል ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ ይጠልላል፤ ጥሩው ውሃ ብቻ ይወሰዳል። በነጭ ሳህን ላይ የአዮዲን ጠብታዎች በተራ ይደረደራሉ። ሁለቱ ፈሳሾች ከተቀላቀሉ በኋላ በየሁለት ደቂቃው አንዳንድ ጠብታ እየተወሰደ በየአዮዲኑ ላይ ይደረጋል። በመጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ ቀይ ቡናማ፣ በመጨረሻም የአዮዲኑ የራሱ መልክ ይታያል። የሚወስደው ጊዜ እንደ ብቅሉ ብርታትና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ለማነጻጸሪያ የሚሆነው የብቅል ውሃ አስቀድሞ ቢፈላ ኤንዛይሙ ስለሚበላሽ ሰማያዊው ሳይጠፋ ይቀራል።

በዚህ ሙከራ ተማሪው ረጅሙ ሰንሰለት እየተቆራረጠ ሲሄድ በዓይኑ ያያል። ሐምራዊውና ቀይ ቡናማው ስሕተት መሆናቸው ቀርቶ የትምህርቱ እምብርት ይሆናሉ። «ስታርቹ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄም በራሱ ይነሣል፤ የስኳር መፈተሻ የሆነው የቤኔዲክት ፈሳሽ በሚገኝበት ትምህርት ቤት፣ ድብልቁ ከዚሁ ፈሳሽ ጋር ሲሞቅ ወደ ጡብ ቀይ መለወጡ መልሱን ይሰጣል። ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጧል፤ ይሁን እንጂ ካርቦሃይድሬትነቱ አልጠፋም። በሦስተኛው ክፍል የተነሣው ስሕተት በዚህ አንድ ሙከራ ይታረማል።

በሦስተኛ ደረጃ ትምህርቱ ከኑሮ ጋር ይያያዝ። በአገራችን እንቅርትንና በአዮዲን እጥረት የሚመጡ ሌሎች ጉዳቶችን ለመከላከል፣ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዝ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ጨው በእርግጥ አዮዲን እንዳለው በገበያና በቤት ውስጥ ለማወቅ ከሚያገለግሉት ፈጣን መፈተሻዎች አንዱ የሚሠራው በዚሁ ሰማያዊ ቀለም ነው። ልዩነቱ ጥያቄው መገልበጡ ነው፤ በዚህ ጊዜ የታወቀው ስታርቹ ሲሆን የሚፈለገው አዮዲኑ ነው። በጨው ላይ የሚጨመረው ግን ነጻ አዮዲን ሳይሆን ፖታሲየም አዮዴት ስለሆነ፣ ስታርች ብቻ ቢጨመርበት ቀለም አይሰጥም። መፈተሻው አሲድና አዮዳይድ የተጨመረበት ስታርች በመሆኑ መጀመሪያ አዮዴቱን ወደ አዮዲን ይለውጣል፤ ሰማያዊው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን የተረዳ ተማሪ የቀለም ለውጥ በሙከራው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ዳግመኛ አይረሳውም። ለቤተሰቡም የሚጠቅም እውቀት ይዞ ይገባል።

በአራተኛ ደረጃ የፈተና ጥያቄ ይለወጥ። «ካርቦሃይድሬትን ለመለየት የሚያገለግለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ስሕተቱን ያጸናል። በእርሱ ፈንታ «አንድ ተማሪ በማር ላይ አዮዲን ጨምሮ ለውጥ አላየም። ማር ካርቦሃይድሬት የለውም ለማለት ይችላልን? ለምን?» ቢባል፣ በቃል የሚጠና መልስ አይኖረውም። ፈተናው ካልተለወጠ መጽሐፉ ቢለወጥም መምህሩ ወደ አሮጌው መንገድ መመለሱ አይቀርም።

ማጠቃለያ

የአዮዲን ሙከራ ከትምህርቱ ይውጣ የሚል ሐሳብ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አልቀረበም። ሙከራው ርካሽ፣ ቀላልና ፍሬ ያለው ነው፤ መቀጠልም ይገባዋል። መለወጥ ያለበት የሚቀርብበት መንገድ ነው። ይኸውም በመጽሐፍ ደረጃ «ካርቦሃይድሬት» የሚለው ቃል በ«ስታርች» መተካት፣ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ያልተጠበቁ ቀለሞችና ምክንያቶቻቸው መጻፍ፣ በመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራን ሙከራውን ቀለሙ በሚለወጥበትም በማይለወጥበትም ሁኔታ ራሳቸው እንዲሠሩት ማድረግ፣ በፈተናም ተማሪው ያየውን የመተርጎም ችሎታው እንዲመዘን ማድረግ ናቸው። ከእነዚህ አንዱም አዲስ በጀት አይጠይቅም።

የመጀመሪያውን እርምጃ ለመውሰድ የመጽሐፍ ክለሳ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። መምህሩ በሚቀጥለው የሙከራ ክፍለ ጊዜ ከድንቹ ጎን አንድ ማንኪያ ማር ቢያስቀምጥና ተማሪዎቹ ያዩትን እንዳዩት እንዲጽፉ ቢፈቅድ፣ ትምህርቱ በዚያው ሰዓት መታረም ይጀምራል።